ራስ-ሰር የጥያቄ ክትትል (በኖድ ጄኤስ)

በኖድ ጄኤስ በተሠራ የሰርቨር ፕሮግራም ውስጥ አንድ የድር ጥያቄ ያለፈበትን መንገድና በየደረጃው የወሰደውን ጊዜ፣ የፕሮግራሙ ኮድ ሳይነካ የሚመዘግብ ዘዴ ነው። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው የ«ዳፐር» ጽሑፍ ነው። መከታተያው ከፕሮግራሙ ቀድሞ ይነሣና እንደ ኤችቲቲፒ ያሉ ሞጁሎች ሲጫኑ በራሱ ኮድ ይሸፍናቸዋል። አስቸጋሪው ነገር ጥያቄዎቹን ሳያደባልቁ መያዝ ነው፤ ኖድ የብዙ ተጠቃሚዎችን ሥራ በአንድ ትሬድ ላይ እያፈራረቀ ስለሚያካሂድ፣ የትኛው እርምጃ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ የሚለየው «ኤሲንክ ሎካል ስቶሬጅ» በተባለው የኖድ መሣሪያ ነው። ጥያቄው ወደ ሌላ ሰርቨር ሲሻገር 32 ቁምፊዎች ያሉት መለያው «ትሬስ ፓረንት» በተባለ ሄደር አብሮት ይጓዛል። በዘርፉ በሰፊው የሚሠራበት ኦፕን ቴሌሜትሪ የተባለው የክትትል ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2019 ከኦፕን ትሬሲንግና ከኦፕን ሴንሰስ ፕሮጀክቶች ውህደት ተፈጠረ።