ፋይሉ መጣ፣ አባቴ ግን አልመጣም

ውጭ አገር ያለው የአጎቴ ልጅ፣ አባቴ (ነፍሱን ይማረውና) ዳባት ገበያ ላይ ጋቢውን ለብሶ የቆመበትን ብቸኛ ፎቶ በስልኩ አንስቶ ላከልኝ። ደባርቅ ላይ በአሮጌ ኮምፒውተር ልከፍተው ብል እምቢ አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው በ1992 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ደረጃ የወጣለትን ጄፔግ ነው። ከ2017 ወዲህ ግን አንዳንድ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ሄይክ በሚባል ዓይነት ያስቀምጣሉ። አሮጌው ኮምፒውተር ይህን አያውቅም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም ማንሳት ተጀመረ። ከ9 ሺህ በላይ ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ ሚኒሶታ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ሆነው ለዓመታት መዝገቡን አዘጋጁ። ፊልሙን ለማየት ግን ማንበቢያ መሣሪያው ያለበት ድረስ መሄድ ግድ ነበር። በኋላ ብዙው በስካነር ወደ ዲጂታል ተገለበጠ። ዛሬ ኔትወርክ ካለ ደባርቅ ቁጭ ብሎ በስልክ ማየት ይቻላል።

ማስቀመጥ ብቻውን ማዳን አይደለም ማለት ነው። ዘመኑ በተለወጠ ቁጥር መገልበጥ ያስፈልጋል።

የአጎቴ ልጅ ወደ ጄፔግ ቀይሮ፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ በቴሌግራም በ«ፋይል» መልክ ድጋሚ ላከው። ተከፈተ። እናቴ ስክሪኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ዝም ብላ አየችው።

ተማሪዎቼ፣ የቤታችሁን አሮጌ ፎቶዎች በጄፔግ ገልብጡ፣ ሁለት ቦታም አስቀምጡ። የሰዎቹንም ስም ጻፉ፤ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ሳያልፍ።