አንባቢውስ ምን አለ?

የሥነ ጽሑፍ ታሪካችንን የሚተርኩ ጽሑፎችን ስንገልጥ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ሁለት ሰው ነው፤ ደራሲውንና ኀያሲውን። ደራሲው መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ምን ጻፈ? ኀያሲውስ ስለ ድርሰቱ ምን ፈረደ? ሦስተኛው ሰው ግን የለም። መጽሐፉን ከደመወዙ ቆርሶ የገዛው፣ ወይም ከጎረቤት ተውሶ ሲያነብ ያደረው፣ በማግሥቱም «ትናንት የጨረስኩት መጽሐፍ ምን እንዳለ ታውቃለህ?» እያለ ለባልንጀራው ያወጋው ሰው ማለታችን ነው። እሱ እንዲያው «ሕዝቡ ወደደው» ወይም «ብዙም አልተነበበም» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንጠይቅ የተነሣነው ስለዚሁ ሦስተኛ ሰው ነው። አንባቢው ላነበበው መጽሐፍ ምን አስተያየት ሰጠ? የሰጠው አስተያየትስ ወዴት ሄደ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። በአገራችን የብዙ መጽሐፍ ዕድል የተወሰነው በጋዜጣ ከወጣ ሂስ ይልቅ ከአፍ ወደ አፍ በተላለፈ ወሬ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ያ ወሬ ደግሞ ስላልተጻፈ ባለቤቶቹ ባለፉ ቁጥር አብሯቸው ይቀበራል።

አንድም

ስለ መጽሐፍ የተሰጠን አስተያየት መጠበቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በጉባኤ ቤት መምህሩ ንባቡን አስነብበው ወደ ትርጓሜው ሲገቡ አንዱን ሐሳብ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላውን ይቀጥላሉ፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። እያንዳንዱ «አንድም» በአንድ ወቅት አንድ ሊቅ ያንኑ ንባብ አይቶ የደረሰበት ሐሳብ ነው። የሊቁ ስም ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ ሐሳቡ ግን አልጠፋም። አንዱ ሌላውን ስለሚቃወም ከመካከላቸው አንዱ ይጣል አልተባለም። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የተለዩት ወገኖች እንኳ ልዩነታቸውን ይዘው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ተሸጋግረዋል። በቃል ይወርድ የነበረው ትርጓሜ ወደ ማተሚያ ቤት የገባው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው።

የብራና መጻሕፍት ኅዳግም ሌላ ምስክር ነው። በኅዳጉና በባዶው ገጽ ላይ የርስት ሽያጭ፣ ውልና ስጦታ ተጽፎ ይገኛል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያም አይጠፋም። መጽሐፍ ሲባል ሰው እጁን የሚያሳርፍበት፣ የራሱን ጉዳይ የሚያስጠጋበት ቦታ ነበረ ማለት ነው።

እርግጥ ትርጓሜ የሊቃውንት ሥራ ነው፤ መጽሐፉም ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ዛሬ ልብ ወለድ አንብቦ በሻይ ቤት ከሚከራከረው ሰው ጋር አንድ ነው አንልም። ከእሱ ልንወስደው የምንፈልገው ልማዱን ነው፤ ስለ አንድ ንባብ ብዙ ሐሳብ ጎን ለጎን ሊቀመጥና ሊወረስ እንደሚችል አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ታዲያ ማተሚያ መጣ፣ መጽሐፉ በዛ፣ አንባቢውም በዛ፤ የአንባቢው ሐሳብ ግን ማደሪያ አጣ።

አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ እጅ

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ «አእምሮ» የተባለችው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈች፣ ኋላም በማባዣ እየተባዛች ትታደል ነበር። (ስቴንስል ስንመታ ቀለሙ እጃችንን ሲያጠቁረን የምናማርር ሁሉ ይህን እናስብ!) ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም አስፍተው በ1920 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት በዝርዝር አሳተሙ። ከዚያ ዝርዝር ምን መጽሐፍ እንደነበረ እናውቃለን፤ ማን አንብቦት ምን እንዳለ ግን አይነግረንም። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ከአንባብያን የሚላኩ ጽሑፎችን ያትም ስለነበር ለአንባቢው አንዲት መስኮት ከፈተለት። ሆኖም ደብዳቤ ጽፎ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መንግሥትና ከቢሮ ያልራቀ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር ተከፈተ፤ ትምህርት ቤቱም እየበዛ ሄደ። ያም ሆኖ የመጽሐፍ ቁጥር ከአንባቢው ቁጥር ጋር ተመጣጥኖ አያውቅም። ስለዚህ ሰው ተዋሰ፣ ተቀባበለ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዝቶ አንብቦ መልሶ ሸጠ። በአዲስ አበባ ጋዜጣ እንኳ በሳንቲም ተከራይቶ፣ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አንብቦ መመለስ የተለመደ ነገር ነበር።

ውሰት ድህነት ነው ብለን እንዳናልፈው። የተገዛ መጽሐፍ ሳይነበብ በመደርደሪያ ሊከርም ይችላል። የተዋሱት ግን ቀን አለው፤ ሲመለስም ባለቤቱ «እንዴት አገኘኸው?» ማለቱ አይቀርም። መቼም ዝም ብሎ አስረክቦ አይኬድ! «ደስ ይላል፤ መጨረሻው ግን አናደደኝ» ይባላል፤ ከዚያ ክርክር ይነሣል፤ ሦስተኛው ሰው ከዳር ይሰማና «ለእኔም አውሱኝ» ይላል። የእኛ አገር የመጽሐፍ ሂስ አብዛኛው የተሰጠው እዚህ ላይ፣ መጽሐፍ በሚመለስበት በር ላይ ነው።

ያላነበበው አንባቢ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር፣ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራትና የጉዱ ካሣን ትችት የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ታሪኩን ያወቀው ሰው ሁሉ መጽሐፉን አንብቦ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሰው ጭምር አንባቢ ሆነ። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ይሰበስባል፤ ቡና የምታፈላዋ እናት፣ ከሥራ የተመለሰው አናጢ፣ የቤት ሥራውን የተወው ልጅ አንድ ላይ ይሰማሉ። ትረካው ለዚያን ዕለት ሲቆም ወሬው ይጀመራል።

ወሬው ምን ነበር ብንል፣ ዛሬም በየቤቱ ያው ነው። ጥፋቱ የማን ነው? የፊታውራሪ መሸሻ ነው ወይስ እንዲያ አድርጎ ያሳደጋቸው ልማድ? ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ ከሁሉ የነቃው እሱ ነው? እናት ልጇን በብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን መስጠቷ ተገቢ ነው? ሦስቱን በአንድ መቃብር ማሳረፍ ደራሲው ለፍቅር የሰጡት ድል ነው ወይስ ሽንፈት? ልብ በሉ! እነዚህ እኛ በክፍል ውስጥ «ጭብጥ»ና «ግጭት» እያልን የምንተነትናቸው ጥያቄዎች ናቸው። ያቺ ቡና የምታፈላ እናት ቃሎቹን አታውቃቸውም፤ ነገሩን ግን ታውቀዋለች። እንዲያውም እኛ የማናውቀውን ታውቃለች፤ በልጅነቷ ሳትጠየቅ የተዳረች ብትሆን የሰብለን ጭንቀት ከእኛ ይልቅ የምትመዝነው እሷ ናት። ምን እንደፈረደች ግን አልጻፍንላትም።

በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የዘመቻው ውጤት ስንት ሰው ማንበብ ቻለ በሚል ቁጥር ተለካ። መለካቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ አንባቢ ቀጥሎ ምን አነበበ፣ ያነበበውንስ ወደደው ወይ የሚለው ጥያቄም ሊጠየቅ ይገባው ነበር።

«ከበደን» ያለው አንባቢ

በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ወጣ። ታሪኩ የሰሜን ሸዋ ገጠር ነው፤ ባለ ስሙ ገፀ ባሕርይ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ መከራከር የማይታክተው ወጣት ነው። ዛሬ ይህ ልብ ወለድ ከአማርኛ ምርጥ ሥራዎች አንዱ መሆኑን የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይነግሩናል። ሲወጣ ግን ብዙ አንባቢ ያለው ሌላ ነው፤ «ቋንቋው ከበደን።»

ታዲያ አንባቢው ተሳስቶ ነበር ማለት ነው? እኛ እንደዚያ አንልም። ዳኛቸው የገጠሩን ንግግር ከነዘይቤው፣ ከነለዛው፣ የከተማው ሰው ከማያውቃቸው ቃላት ጋር በገጹ ላይ አፈሰሰው። አንባቢው ደግሞ በትምህርት ቤትና በጋዜጣ አማርኛ ያደገ ነው። «ከበደን» ሲል የተናገረው ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱም ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከገጠሩ አማርኛ ምን ያህል እንዳራቀው መሰከረ። የሚገርመው፣ የመጽሐፉም ጉዳይ ይኸው ነው፤ የተማረውና የገጠሩ ሰው አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አለመደማመጣቸው። አንባቢው ሳያውቀው የመጽሐፉን ሐሳብ በራሱ ላይ አረጋገጠ። ከእነዚያ አንባብያን አንዱ «እኔ እዚህ ገጽ ላይ ደርሼ ተውኩት፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሂስ የበለጠ ይጠቅመን ነበር።

በሹክሹክታ

አስተያየት መለዋወጥ የሚያስፈራበት ጊዜም ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል በ1975 ዓ.ም. ወጣ። መነሻው በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

መጽሐፉ ግን መነበቡን አልተወም። ከመሰብሰብ ያመለጡት ቅጂዎች በጋዜጣ ተሸፍነው፣ በካፖርት ሥር ተይዘው ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ስለ መጽሐፉ ማውራቱስ? ማውራቱ ቀጠለ፤ ዓይነቱ ግን ተለወጠ። ሰው «ይህ ገፀ ባሕርይ በደንብ ተሥሏል ወይ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «ይኼ ማን ነው?» ይል ጀመር። ከገፀ ባሕርያቱ ጀርባ የትኛው ባለ ሥልጣን እንዳለ መገመት የንባቡ ዋና ሥራ ሆነ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሕዝብ ይህ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ቅኔ እንደመፍታት ያለ ነው። የፍርሃት ዘመን አንባቢውን ዝም አላሰኘውም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ጥያቄ እንዲጠይቅ አደረገው እንጂ።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። የጋዜጠኛው የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር፣ የአስመራ መንገዶች ሥዕል፣ የጦርነቱ ከንቱነት፣ ስለ እነዚህ በግልጽ መከራከር የተቻለው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መጽሐፉ እንደ ልብ ሲገኝ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ታትሟል፤ የውጭ ኀያስያንም ሐሳባቸውን በየጋዜጣው አስፍረዋል። የእነሱ ሐሳብ ተጽፏልና ይኖራል። በ1975 ዓ.ም. መብራት ቀንሶ፣ በር ዘግቶ በአንድ ሌሊት የጨረሰው ያ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ወታደር ያሰበው ግን የት አለ? አደጋውን ተቀብሎ ያነበበው እሱ ነበር።

ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለማልቀስ አይደለም። የእነዚያ አንባብያን ብዙዎቹ አሁንም በሕይወት አሉ፤ አባቶቻችን፣ አክስቶቻችን፣ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪነት ከቤተ መጻሕፍት ብቻ እንዲቀዳ ማን አዘዘ?

ሐሳባችን ይህ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት እያንዳንዳችን ተማሪ ያልሆነ አንድ አንባቢ እንጠይቅ። ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ ዘበኛ፣ ነርስ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ወይም በሬዲዮ ብቻ የሰሙ እናት። መጽሐፉ ምን ነበር? ከየት አገኙት፤ ገዝተው፣ ተውሰው ወይስ ተከራይተው? ከማን ጋር አወሩበት? ምን ደስ አሰኛቸው፣ ምን አናደዳቸው፣ የት ላይ ዘጉት? መልሱን በራሳቸው ቃል እንጻፈው፤ «ደረቅ ነው» ካሉ «ደረቅ ነው» ብለን እንጻፍ እንጂ «የአተራረክ ስልቱ ውስንነት ይታይበታል» ብለን አናሰማምርላቸው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ መጽሐፍ የሚቃረን ነገር ከተናገሩ ደግሞ እሰየው፤ ሁለቱንም «አንድም» እያልን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን።

ከቤተ መጻሕፍታችን የምንዋሳቸውን መጻሕፍት ኅዳግም እንይ። ከእኛ በፊት ያነበቡ ተማሪዎች በእርሳስ «እውነት!»፣ «የት አገር ነው ይሄ?»፣ «አይ ደራሲ!» ብለው የተዉትን እናውቃለን። በመጽሐፍ ላይ መጻፍ ያስቀጣል፤ እኛም ጻፉበት አንልም። የተጻፈውን ግን ከመጥፋቱ በፊት ገልብጡት።

ከዚህች ቅጽ ጀምሮ ሁለት ገጽ ለዚህ ጉዳይ ለይተናል። የሚመጣው አስተያየት የአንባቢው ስም ሳይጠቀስ፣ ዕድሜውና ሥራው ብቻ ተመልክቶ ይወጣል። በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ከአንድ ገጽ ሳታስበልጡ አምጡልን፤ ስቴንስሉን መምታት የእኛ ፋንታ ነው።