ከከዋክብት እስከ ጉልበት፤ የዶፕለር ሐሳብ ታሪክ

ቁርጥማት የያዘው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ ሐኪሙ እብጠቱን ዳስሶ የሕመሙን ብርታት ይገምታል። ነገር ግን እብጠቱ ጐድሎ፣ ሥቃዩም ታግሦ ሳለ፣ እሳቱ በውስጥ አልጠፋ እንደ ሆነ እጅ በምን ያውቃል? ይህን የሚያሳየው ጥበብ ከየት እንደ መጣ በጥቂቱ እንተርካለን።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የክርስቲያን ዶፕለርን ስም የምናውቀው ከፊዚክስ መጽሐፋችን ነው። ሰውየው በሳልዝቡርግ ከተማ ከድንጋይ ጠራቢ ቤት የተወለደ የሒሳብ መምህር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ዓ.ም. በፕራግ በሊቃውንት ማኅበር ፊት ቆሞ፣ የብርሃን ወይም የድምፅ ምንጭ ወደ እኛ ሲቀርብ ሞገዱ እንደሚጠጋጋ፣ ሲርቅም እንደሚራራቅ አስረዳ። የከዋክብትን ቀለም በዚሁ ለመተርጐም መሞከሩ ልክ አልነበረም፤ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቶ ቆመ።

ሆላንዳዊው ቦይስ ባሎት ነገሩን በ1845 ዓ.ም. በባቡር ፈተነው። ጥሩምባ ነፊዎችን በባቡሩ ላይ ጫነ፤ ጆሮአቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን ደግሞ በሐዲዱ ዳር አቆመ። መጀመሪያ በብርድ ወራት ቢሞክረው በረዶ አሰናከለው። በሰኔ ግን ባቡሩ ሲቀርብ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሲያልፍም እንደሚወፍር ተሰማ። ከሰማናቸው የሳይንስ ፈተናዎች ሁሉ እንደዚህ ያሳቀን የለም! ዶፕለር በ1853 ዓ.ም. በ49 ዓመቱ ሞተ፤ ሐሳቡ ሐኪም ቤት ሲገባ አላየም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ በጃፓን በኦሳካ ከተማ ሺጌኦ ሳቶሙራ ጆሮ የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ፣ ተመላሹን እየመዘነ የልብን እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎም የደምን ፍሰት መረመረ። በዚህ ጊዜ የጥሩምባ ነፊዎቹን ቦታ የያዙት ድምፁን የሚያስተጋቡት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው።

መገጣጠሚያን ከውስጥ በሚሸፍነው ስስ ሽፋን የሚሄደው ደም ግን ሥሩ እጅግ ቀጭን፣ እርምጃውም ቀስተኛ ስለ ሆነ ቶሎ አልታይ አለ። በ1990ዎቹ «ፓወር ዶፕለር» የተባለው ዘዴ መጣ፤ ይኸውም የደሙን ፍጥነትና አቅጣጫ ትቶ የተመላሹን ድምፅ ኀይል ብቻ ይመዝናል። ያን ጊዜ ቀስተኛው ደም በአልትራሳውንዱ መስታወት ላይ እንደ ፍም ቀልቶ ታየ። በጤነኛ ሰው ሽፋን ላይ ይህ ቅላት ከምንም አይቈጠርም፤ በሩማቶይድ አርትራይተስ ጊዜ ግን አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅሉበታልና ሐኪሙ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። መሣሪያውን አጥብቆ የተጫነ እንደ ሆነ ቀጫጭኑ ሥር ይዘጋና ምልክቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ እጁ የለዘበ መሆን አለበት።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ሕመማቸው ተኝቶአል ከተባሉት ሕመምተኞች መካከል፣ ቀዩ ምልክት በመገጣጠሚያቸው የተገኘባቸው ሰዎች አጥንታቸው ወደ ፊት የመበላቱ አደጋ ከሌሎቹ የበዛ ሆኖ ተገኝቶአል።