መዝጊያ፣ ቅጠል፣ መጋረጃ፦ የካሜራ መዝጊያ ታሪክና የብልሽቱ ግሶች

1. መነሻ

በአሮጌ የፊልም ካሜራ ላይ ዘወትር ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች አንዱ የመዝጊያው አለመንቀሳቀስ ነው። የእንግሊዝኛ የጥገና መጻሕፍት ይህን ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ «ስተክ» በሚል አንድ ቃል ያልፉታል። አማርኛ ግን በዚህ አንድ ቃል ፈንታ ቢያንስ አራት ግሶችን ያቀርባል፤ እነርሱም «ተጣበቀ»፣ «ተጎተተ»፣ «ተቀረቀረ» እና «ተቆለፈ» ናቸው። እነዚህ ግሶች እርስ በርሳቸው የሚተካኩ አይደሉም። የተጣበቀ ነገር ይጸዳል፤ የተጎተተ ነገር የሚጎትተው ይፈለግለታል፤ የተቀረቀረ ነገር እንቅፋቱ ይወጣለታል፤ የተቆለፈ ነገር ደግሞ ምንም ሳይበላሽ መክፈቻውን ብቻ ይጠብቃል። ስለዚህ ተርጓሚው ግሱን በመረጠ ጊዜ የጠጋኙን እጅ ወደ አንድ ሥራ መርቷል ማለት ነው። ተሳስቶ የመራው እንደ ሆነ፣ መለዋወጫው መመረት ካቆመ ብዙ ዘመን የሆነው ዕቃ ይሰበራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አራቱ ግሶች ለየትኛው ብልሽት እንደሚስማሙ ከመሣሪያው ታሪክ በመነሣት ማሳየት ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ከክዳን ወደ መዝጊያ

የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ካሜራ ራሱን የቻለ መዝጊያ አልነበረውም። ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ ብዙ ደቂቃ ይፈልግ ስለ ነበር ፎቶግራፍ አንሺው የሌንሱን ክዳን በእጁ አንሥቶ፣ ጊዜውን ቆጥሮ፣ መልሶ ይከድነው ነበር። ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ያሳተመው የእርጥብ ሰሌዳ ዘዴ ጊዜውን ወደ ሰከንዶች ቢያወርደውም የሰው እጅ ገና በቂ ነበር። ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በ1871 ያስተዋወቀው የጀላቲን ደረቅ ሰሌዳ ከተሻሻለ በኋላ ግን የሰከንድ ክፍልፋይ በቂ ሆነ፤ እጅም ከብርሃን ጋር መሽቀዳደም አልቻለም። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ፣ በፓሎ አልቶ፣ የምትጋልብ ፈረስን በ12 ካሜራዎች ያነሣው በሜካኒካዊ መዝጊያዎች ነበር።

አዲሱ ዕቃ ስም ሲወጣለት ቋንቋዎች ወደሚያውቁት ነገር ዞሩ። እንግሊዝኛ የመስኮትን መከለያ ስም «ሻተር»ን ሰጠው። የጀርመንኛው «ፈርሽሉስ» እና የጣሊያንኛው «ኦቱራቶሬ» ደግሞ ጠመንጃን ከኋላ የሚዘጋውን ክፍል ጭምር ያመለክታሉ። ሁሉም ከመዝጋት ሐሳብ ተነሥተዋል፤ ዕቃው ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል ተዘግቶ የሚኖር፣ ለቅጽበት ብቻ የሚከፈት ነውና። የእኛው «መዝጊያ» በዚህ ረገድ የሚታማ አይደለም። የበር መዝጊያ የሚዘጋም የሚከፈትም ሳንቃ እንደ ሆነ ማንም ያውቃል።

3. ቅጠሎቹ «ተጣበቁ»፣ ጥርሶቹ «ተጎተቱ»

በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሙኒኩ ፍሪድሪክ ዴከል «ኮምፓውንድ» የተባለውን መዝጊያ ለገበያ አቀረበ። በሌንሱ መካከል ስስ የብረት ቅጠሎች ተነባብረው ይቀመጣሉ፤ የመክፈቻው ጊዜም በትንሽ ሲሊንደር ውስጥ በሚገፋ አየር ይለካል። በ1912 አየሩ ቀርቶ የሰዓት ጥርሶች ተተኩበትና «ኮምፑር» ተወለደ። ስሙም ከ«ኮምፓውንድ» እና የሰዓት ሥራ ማለት ከሆነው ከጀርመንኛው «ኡርቬርክ» የተዳቀለ ነው። ስያሜው ራሱ የብልሽቱን ምንጭ ይናገራል፤ በኮምፑር ውስጥ ቅጠልም ሰዓትም አለ፤ ሁለቱም የሚታመሙት በየራሳቸው ሕመም ነው።

ቅጠሎቹ በደረቁ እንዲሠሩ የታቀዱ ናቸው። በሌንሱ ማስተካከያ ጥምዝ ላይ ያለው ግራሶ ሲያረጅ ግን ዘይቱ ይለይና በዓመታት ውስጥ እየዳኸ ወደ ቅጠሎቹ ይደርሳል። ያን ጊዜ ስሱ የዘይት ሽፋን ቅጠሎቹን እንደ ሁለት እርጥብ መስተዋቶች ያያይዛቸዋል፤ ቀላል ቅጠል ለማንቀሳቀስ የተሠራው ሞላም ሊያላቅቃቸው አይችልም። ይህ በትክክል «ተጣበቀ» ነው። መድኃኒቱም ማጽዳት ነው፦ የፊቱን የሌንስ ክፍል በጥንቃቄ ፈትቶ፣ ንጹሕ የላይተር ቤንዚን በጥጥ ነክቶ ቅጠሎቹን መጥረግ፣ መዝጊያውን ደጋግሞ ማስነሣት፣ ዘይቱ እስኪያልቅ እንደገና መጥረግ። ቤንዚኑ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ ሥራው ከእሳት ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራል። በቅጠሎቹ ላይ ዘይት መጨመር ሕመሙን በሕመም ማከም ነው።

ተርጓሚው እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። አንደኛው «ቤንዚን» ብሎ ማቆም ነው፤ አንባቢው የመኪናውን ነዳጅ ይረዳል፤ እርሱ ደግሞ ሲደርቅ ዝቃጭ ይተዋል። ሁለተኛው የእንግሊዝኛውን «ብሌድ» «ምላጭ» ብሎ መተርጎም ነው። «ምላጭ» የጢም መላጫም የጠመንጃ ማስፈንጠሪያም በመሆኑ «ምላጩ ተጣበቀ» የሚለውን ያነበበ ጠጋኝ የማስነሻውን አዝራር መፍታት ይጀምራል። «ቅጠል» ቢባል ግን ስስነቱንም መነባበሩንም ይገልጻል።

ሰዓቱ ሲታመም ምልክቱ ሌላ ነው። መዝጊያው በ1/100 ሰከንድ በደኅና እየሠራ በ1 ሰከንድ ላይ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወይም ከተመደበለት ጊዜ በላይ ይቆያል። ቅጠሎቹ ጤነኛ ናቸው፤ የደረቀ ቅባት የያዛቸው የዝግታው ጥርሶች ናቸው። ይህ «ተጎተተ» ነው። በራስ ማንሻው ሰዓት ላይም ይኸው ይደርሳል፤ ልምድ ያላቸው ጠጋኞች በአሮጌ መዝጊያ ላይ የራስ ማንሻውን ከመሙላት እንድንታቀብ የሚመክሩት መዝጊያው በመካከል እንዳይቆም ነው።

እዚህ ላይ «ሞላ» የሚለው ቃል ራሱ ማስታወሻ ይገባዋል። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ከ«ካቻቢቴ»፣ ከ«ፒንሳ» እና ከ«ግራሶ» ጋር የየጋራዡ ቋንቋ ሆኗል። ግሱ «ሞላ» ግን የራሳችን ነው፤ ሰዓትም ይሞላል። ስለዚህ መዝጊያን ለሥራ ማዘጋጀት «መሙላት» ቢባል ከጠመንጃው «ማቀባበል» ይልቅ ለሰዓት ሥራው የቀረበ ይሆናል። ብቻ «ሞላው ሞላ» ከሚል ዐረፍተ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

4. መጋረጃው «ተቀረቀረ»

ሌላው ዘር መዝጊያውን ከሌንሱ አንሥቶ ከፊልሙ ፊት አኖረው። ኦስካር ባርናክ የነደፈውና የቬትስላሩ ኤርንስት ላይትስ ኩባንያ በ1925 ለገበያ ያወጣው ላይካ ጎማ የተቀባ የጨርቅ መጋረጃ ነበረው፤ ሁለት መጋረጃዎች ተከታትለው ሲሮጡ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ብርሃኑን ይመጥናል። የድሬስደኑ ሳይስ ኢኮን በ1932 በኮንታክስ የመለሰለት በብረት ዝርግ ጠፍሮች በተሠራና ከላይ ወደ ታች በሚወርድ መጋረጃ ሲሆን፣ መጋረጃውን የሚይዙት የሐር ጥብጣቦች ነበሩ።

በዚህ ዘር «ተጣበቀ» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው። ቃሉ ቤንዚን ያስጠራል፤ ቤንዚን ደግሞ የጨርቁን ጎማ ይጎዳል። የላይካ መጋረጃ የሚቆመው ጨርቁ ሲደርቅና ሲሸበሸብ፣ ሞላው ሲላላ፣ ወይም የተቀደደ የፊልም ቁራጭ በመንገዱ ሲገባ ነው። የኮንታክስ ጥብጣብ ሲበጠስ ደግሞ መጋረጃው ከመንገዱ ይወጣል። ስለዚህ ተገቢው ግስ «ተቀረቀረ» ነው፤ ሥራውም የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ እንቅፋቱን በዓይን መፈለግ እንጂ ማጠብ አይደለም። በጣት መግፋትም አይገባም።

5. ያልተበላሸው መዝጊያ፦ «ተቆለፈ»

አራተኛው ግስ ከሁሉ ይልቅ ይረሳል። የኮዳክ ሬቲና 3ሲ ቆጣሪ ወደ ኋላ እየቆጠረ 1 ሲደርስ የፊልም መጠምዘዣው ሆን ተብሎ ይቆማል፤ ቆጣሪው ሲመለስ ይፈታል። በብዙ ተጣጣፊ ካሜራዎችም ፊልሙ ካልዞረ አዝራሩ አይወርድም፤ ይህ በአንድ ቦታ ሁለት ሥዕል እንዳይደራረብ የተደረገ ጥበቃ ነው። በ1976 የወጣው ካነን ኤኢ-1 ደግሞ መዝጊያውን የሚያዘው በኤሌክትሮኒክ ዑደት በመሆኑ ባትሪው ሲያልቅ ፈጽሞ አይነሣም። ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ «ተበላሸ» ብሎ የተረጎመ ሰው ጤነኛ ካሜራ በካቻቢቴ እንዲፈታ አዝዟል።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተለው አጠቃቀም ቢለመድ ይጠቅማል። ዕቃው በጠቅላላው «መዝጊያ»፣ በሌንስ ውስጥ ያለው «ባለቅጠል መዝጊያ»፣ በፊልሙ ፊት ያለው «ባለመጋረጃ መዝጊያ» ይባል። የመጀመሪያው ቅጠሎቹ «ይጣበቃሉ»፣ ጥርሶቹ «ይጎተታሉ»፤ ሁለተኛው «ይቀረቀራል»፤ ሁለቱም በጥበቃ ወይም በባትሪ ምክንያት ሲቆሙ «ይቆለፋሉ»። ጠጋኝ ከማንኛውም ሥራ በፊት መቆለፉን እንደሚመረምር ሁሉ፣ ተርጓሚም ይህን ግስ አስቀድሞ ይመርምር።

ሙያዊ ቃል የሚመዘነው ከባዕዱ ቃል ጋር አንድ ለአንድ በመግጠሙ ብቻ አይደለም። ባዕዱ ቃል አራቱን ነገር በአንድ ከረጢት ሲጨምር፣ አማርኛ ለይቶ የሚያውቀውን መልሶ መቀላቀል ትርጉም ሊባል አይችልም። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገውም፤ ሕዝቡ ለበሩ፣ ለሰዓቱና ለጋራዡ ያበጃቸውን ቃላት በየቦታቸው ማኖር ብቻ ይበቃዋል።