የኤግዚቢሽኑን ሂሳብ ማን ከፈለ?

ኤግዚቢሽን ስንገባ የምናየው መስታወቱን ነው። ውስጡ የብራና መጽሐፍ፣ ከሥሩ ሦስት መስመር ጽሑፍ፦ የት ተጻፈ፣ መቼ፣ በማን። አይተን እናልፋለን። እነዚያን ሦስት መስመሮች ለመጻፍ አንድ ሰው ስንት ዓመት እንዳጎነበሰ፣ ደመወዙንም ማን እንደከፈለው ማንም አይጠይቅም። ዛሬ እሱን እንጠይቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 አንድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለታሪክ፣ ለቋንቋ፣ ለፍልስፍናና ለመሳሰሉት ከአሜሪካ መንግሥት ካዝና ገንዘብ የሚሰጥ ተቋም ወለደ፤ ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ ሂዩማኒቲስ ይባላል። ጨረቃ ላይ ለመውጣት ዶላር በሚረጭበት በዚያ ዘመን፣ "ገንዘቡን ሁሉ ሳይንስ ብቻ ለምን ይውሰደው?" ያሉ ምሁራን ተሰሚነት አገኙ ማለት ነው። ሰው ዓይን የገባው ውጤት ኤግዚቢሽን ነበር። በ1976 አሜሪካ ውስጥ የተከፈተውና ሚሊዮኖች የተሰለፉለት የቱታንካሙን ትርኢት ከዚሁ ተቋም ድጋፍ አግኝቷል።

እኛን የሚነካን ግን ብዙ ያልተወራለት ሥራ ነው። በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የመቅዳት ፕሮጀክት ተጀመረ። ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥትና ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባበሩበት፤ ከገንዘቡም ከፊሉ ከዚያው የአሜሪካ ተቋም መጣ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ ወረዱ፤ ካሜራው ግን መቅዳቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተቀዱ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌልም ቁጥር 1832 ሆኖ ከመካከላቸው አለ።

ፊልም ብቻውን ግን ምን ይረባል? የሚያነበው ሊቅ ይፈልጋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትተው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። በ1976 ኮሌጅቪል ገቡ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊልሙን እያነበቡ የካታሎጉን በርካታ ቅጾች አወጡ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2021 ዐረፉ። ዛሬ ስለ ግዕዝ ጽሑፍ አጠናለሁ የሚል ሰው ያንን ካታሎግ ሳይገልጥ ብዙ አይራመድም።

ችግሩ ለካታሎግ ሪባን አይቆረጥም። ሚኒስትር አይመጣም፣ ቴሌቪዥን አይቀርጸውም። ገንዘቡም በአንድ ደብዳቤ ይቆማል፤ በኤፕሪል 2025 ያው የአሜሪካ ተቋም ከአንድ ሺህ በላይ ድጋፎችን ባንድ ጊዜ ሰርዟል። ሰጪው እጁን ሲሰበስብ በጅምር የሚቀረው ኤግዚቢሽኑ ብቻ አይደለም፤ ከኤግዚቢሽኑ በፊት መሠራት ያለበት ንባብም ነው።

እኛ በታሪካችን ለመጨቃጨቅ አንሰንፍም። የአባቶቻችንን መጽሐፍ ቁጥር ሰጥቶ ለማስነበብ ግን ከኪሱ ካዋጡት አንዱ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። ምስጋና ይገባዋል። የሚቀጥለውን ሂሳብ ግን ማን ይክፈል?