ሞቶ የማይቀር መስፍን

ጥበብ ሁሉ በአዲስነቱ ብቻ አይመዘንም። ሕፃን ልጅ ማታ ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚቀበለው ያልሰማውን ታሪክ ፍለጋ አይደለም። ትናንት የሰማው የጅብና የአህያ ተረት ዛሬም እንዲደገምለት ይለምናል፤ ተራኪው አንዲት ነገር ቢያዛንፍም «እንዲህ አይደለም!» ብሎ ያርማል። ፍጻሜውን ማወቁ ደስታውን አይቀንስበትም፤ እንዲያውም የደስታው ምንጭ ያ ነው።

ይህን ደስታ በፊልም ዓለም ጠንቅቆ የተረዳው፥ በእርሱም የነገደው፥ ሐመር የተባለው የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ ይመስለኛል። ሐመር ከ1958 እስከ 1974 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደም መጣጩን የመስፍን ድራኩላንና የአዳኞቹን ታሪክ በዘጠኝ ፊልሞች አቅርቧል። ሐያስያን ብዙ ጊዜ ንቀዋቸዋል፤ ተመልካች ግን እየሳቀም እየደነገጠም ተሰልፎ ገብቷል። ፍርዱ ለማን ይሆን?

ታሪኩ የሐመር ፈጠራ አልነበረም። አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር «ድራኩላ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1897 ነው። በ1931 ደግሞ ቤላ ሉጎሲ በአሜሪካ ፊልም መስፍኑን ሆኖ ተጫውቷል። የፀሐይ ብርሃን ደም መጣጩን ይገድለዋል የሚለው ሕግ እንኳ የመጣው ከስቶከር መጽሐፍ ሳይሆን፥ በ1922 ከወጣው «ኖስፌራቱ» ከተባለው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። የሐመር ድርሻ የተወረሰውን ሕግ ቀለም ማልበስ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም የማይታየው ደም ደማቅ ቀይ ሆነ።

አዘጋጁ ቴሬንስ ፊሸር የ1958ቱን «ድራኩላ» የሠራው 80 ሺህ ፓውንድ በሚያህል ገንዘብ፥ በቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኘው በትንሹ የብሬይ ስቱዲዮ ነው። የሙዚቃው ደራሲ ጄምስ በርናርድ የመስፍኑን ስም ቀለማት፥ «ድራ፥ ኩ፥ ላ» የሚሉትን፥ ወደ ዜማ ለወጣቸው። በፍጻሜው አዳኙ ቫን ሄልሲንግ በረጅሙ ገበታ ላይ ሮጦ ዘልሎ መጋረጃውን ይቀድዳል፤ ሁለት መቅረዞችንም አመሳቅሎ መስቀል በመሥራት መስፍኑን ወደ ፀሐይ ብርሃን ይገፋዋል። የመቅረዞቹ ሐሳብ የተዋናዩ የፒተር ኩሺንግ ነበር።

የነገሩ ቁልፍ ይህ ሰው ነው። ኩሺንግ ለሳቅ የተመቸውን ሁሉ፥ ነጭ ሽንኩርቱንም ሹል እንጨቱንም፥ ሐኪም መሣሪያውን እንደሚይዝ በጥንቃቄ ይይዛል። በ1960 በወጣው «የድራኩላ ሙሽሮች» ውስጥ እርሱ ራሱ ተነክሶ፥ የገዛ አንገቱን በጋለ ብረት ይተኩሳል። አንድም ጊዜ ወደ ተመልካች አይጠቅስም። እርሱ ስለማይስቅ እኛ ለመሳቅም ለመፍራትም ነጻ እንሆናለን።

መስፍኑ በመጀመሪያው ፊልም አመድ ሆኖ ሳለ ተከታይ ፊልም ከየት ይመጣል? ጨዋታው ከዚህ ይጀምራል። «ይሞታልን?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች የለም፤ ጥያቄው «እንዴት ተነሥቶ እንዴት ይሞታል?» የሚል ነው። በ1966ቱ ፊልም የታረደ ሰው ደም በአመዱ ላይ ፈስሶ ያስነሣዋል፤ በፍጻሜውም በረዶው ከሥሩ ተሰብሮ ውሃ ይውጠዋል። በ1968 ደግሞ ከአንድ ቄስ ቁስል የሚንጠባጠብ ደም በበረዶው ስንጥቅ አልፎ ከንፈሩን ይነካል። በ1966ቱ ፊልም መስፍኑን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሊ አንዲት ቃል አይናገርም። ሊ ንግግሩ የማይረባ ስለነበር እንቢ ማለቱን ተናግሯል፤ ጸሐፊው ጂሚ ሳንግስተር ግን ከመጀመሪያውም ንግግር አልጻፍኩለትም ብሏል። እውነቱ የየትኛቸውም ቢሆን፥ ዝምታው ለመስፍኑ ግርማ ሰጥቶታል። የቤተ መንግሥቱ መድረክም አልባከነም፤ ወዲያው ስለ ራስፑቲን ለተሠራ ሌላ ፊልም አገልግሏል።

ድካሙ የመጣው ኋላ ነው። በ1972ቱ ፊልም መስፍኑ ወደ ዘመናዊቷ ለንደን መጣ፤ ነገር ግን ከአንድ የተተወ ቤተ ክርስቲያን ስለማይወጣ ከተማዋን አላያትም። በሚቀጥለው ፊልም የትልልቅ ሕንፃዎች ባለሀብት ሆነ። በቋንቋችን «ደም መጣጭ» የሚባለው ጨካኝ በዝባዥም ስለሆነ፥ ሐሳቡ በእውነቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በተንኮልና በወረርሽኝ ሤራ ተውጦ ቀረ። ሊ ከዚህ በኋላ ሚናውን ተወ። በ1974 ኩሺንግ ብቻውን ከሆንግ ኮንጉ የሾው ወንድማማቾች ኩባንያ ጋር በተሠራ የኩንግ ፉ ፊልም አደኑን ፈጸመ።

በድሃ በጀት፥ በተደጋገመ ታሪክ፥ በወረቀት የሌሊት ወፍ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ እንደ ተውኔት ጸሐፊ የምማረው ግን ሌላ ነው። ተከታዮቹን የገደላቸው ድግግሞሹ አልነበረም፤ ሠሪዎቹ በጨዋታው ሕግ ማመናቸውን ትተው በአዲስ ልብስ ሊሸፍኑት መጣራቸው ነው። ሕፃኑ «እንዲህ አይደለም!» ሲል ተረቱ ሰለቸኝ ማለቱ አይደለም፤ ተራኪው ራሱ ሰልችቶት እንደሆነ ማስተዋሉ ነው።