ከበረዶ እስከ ቁጥር፦ የሰውን ገላ በአግድም ቁርጥ የማንበብ ጥበብ ታሪካዊ ቅኝት

አንድ ሰው በሲቲ ስካን ሲመረመር በሐኪሙ ስክሪን ላይ የሚወጣው ምስል ገላው በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ነው። ጉበት፣ ጨጓራ፣ ጣፊያ፣ ኩላሊትና አከርካሪ በአንድ ደረጃ ጎን ለጎን ይታያሉ። መሣሪያው ለሕሙማን አገልግሎት ከዋለ ገና ስድሳ ዓመት አልሞላውም። በቁርጥ የማየት ዕውቀት ግን በብዙ ይቀድመዋል፤ ራጅ ከመታወቁ በፊት በመጋዝና በበረዶ ተሠርቶ ነበር። የዛሬው የራዲዮሎጂ ሬዚደንት የሚማረው ጥበብ ማሽኑ ሲመጣ ተዘጋጅቶ የጠበቀ ጥበብ መሆኑን ማሳየት የዚህ ቅኝት ዓላማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአናቶሚ ትምህርት ሲጀመር መንገዱ የቁርጥ ተቃራኒ ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጋለን ዕውቀቱን በአብዛኛው ያገኘው ከጦጣና ከሌሎች እንስሳት ሲሆን፣ ቃሉ ከሺህ ዓመት በላይ ሳይደፈር ኖረ። በ1316 ገደማ የቦሎኛው መምህር ሞንዲኖ ዴ ሊውዚ የሰው አስከሬን እየተከፈተ የሚጠናበትን መመሪያ ጻፈ። የትምህርቱን ቅደም ተከተል የወሰነው መበስበስ ነው፤ ቶሎ የሚበላሸው ሆድ ይቀድማል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ራስ፣ በመጨረሻም እጅና እግር። እያንዳንዱ አካል እየወጣ ሲቀመጥ ተማሪው ጉበትን ከጣፊያ መለየት ይችላል። ጉበቱ በቦታው ሳለ ከቀኝ ኩላሊትና ከጨጓራ ጋር እንዴት እንደሚጎራበት ግን ቢላዋው ራሱ ያፈርስበታል።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። ሌዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ እግርን በአግድም ቆርጦ ጡንቻዎቹን በየደረጃው ሥሏል፤ ሥዕሎቹ ግን ሳይታተሙ ለብዙ ዘመን ተደብቀው ቆዩ። አንድሬያስ ቬሳሊየስ በ1543 በባዝል ከተማ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ አንጎልን ከላይ ወደ ታች እርከን በእርከን እየገፈፈ አሳየ። በዘመናዊ አናቶሚ አባትነቱ የሚታወቀው ቬሳሊየስ ያን ጊዜ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። እነዚህን የአንጎል ገጾች የዛሬ ራዲዮሎጂስት ቢያያቸው ወዲያው ያውቃቸዋል።

እውነተኛው መታጠፊያ የመጣው ከሩሲያ ክረምት ነው። ኒኮላይ ፒሮጎቭ በሴንት ፒተርስበርግ የቀዶ ሕክምና መምህር ሳለ አንድ ችግር አላስተኛው አለ። ደረት ሲከፈት አየር ይገባል፣ ሳንባ ይኮማተራል፣ ልብም ከቦታው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በተከፈተ አስከሬን ላይ የሚታየው አቀማመጥ በሕይወት ያለው ሰው አቀማመጥ አይደለም። ፒሮጎቭ አስከሬኖቹን እንጨት እስኪመስሉ ድረስ በብርድ አጠነከራቸው፤ ከዚያም በአግድም፣ ከፊት ወደ ኋላና ከጎን ወደ ጎን በመጋዝ ቆረጣቸው። እያንዳንዱ ገጽ ሳይቀልጥ ተሣለ። ከ1852 እስከ 1859 በላቲን ያሳተመው ባለ ብዙ ጥራዝ አትላስ የሰውን ውስጥ ሳያናውጥ ያሳየ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። ሦስቱ የመቁረጫ አቅጣጫዎች ዛሬ በማንኛውም የሲቲና የኤምአርአይ ስክሪን ላይ የሚታዩት ሦስቱ አቅጣጫዎች ናቸው። በመካከሉ የክራይሚያ ጦርነት ስለተነሣ፣ ይህን አትላስ የሚያዘጋጀው ሰው ሴቫስቶፖል ወርዶ ቁስለኞችን ማከሙንም ልብ ይሏል።

የእርሱን ፈለግ ሌሎች ተከተሉ። በላይፕዚግ ቪልሄልም ብራውነ በ1872 ከበረዷማ ቁርጦች የተሣለ ባለ ቀለም አትላስ አወጣ፤ በአሜሪካ አይክልሻይመርና ሾሜከር በ1911 የራሳቸውን አሳተሙ። ይሁንና እነዚህ መጻሕፍት በአብዛኛው የልዩ ባለሙያዎች ንብረት ሆነው ቀሩ። ማንም ሐኪም ሕያው በሽተኛን በአግድም ሊያይ ስለማይችል መጻሕፍቱን ከዕለት ተዕለት ሕክምናው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

በ1895 ሮንትገን ራጅን ሲያገኝ ታሪኩ እንዲያውም ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ራጅ ጥላ ነው፤ ከፊት ያለው ልብና ከኋላ ያለው አከርካሪ በአንድ ፊልም ላይ ተደራርበው ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመት ያህል ሐኪሞች የተካኑት ይህን ድርርብ በመፍታት ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለውን ስንጠቀልለው፣ ሐኪሙ አስከሬንን በቁርጥ፣ ሕያውን ሰው በጥላ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱን ያገናኘው ሒሳብ ነው። ኦስትሪያዊው ዮሃን ራዶን በ1917 አንድ ነገር ከየአቅጣጫው ከተወሰዱ ጥላዎቹ ተመልሶ ሊገነባ እንደሚችል አረጋገጠ፤ ስለ ሕክምና ግን አላሰበም። በኬፕታውን ሆስፒታል የሠራው የፊዚክስ ባለሙያ አለን ኮርማክ የራሱን ስሌት በ1963 እና በ1964 አሳተመ፤ ብዙ ሰው አላየለትም። የኢኤምአይ ኩባንያ መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ ከእነርሱ ተነጥሎ መሣሪያውን ሠራ። ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን ዊምብልደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የአንዲት ሴት ራስ በዚህ መሣሪያ ተነሣ። ምስሉ ርዝመቱም ስፋቱም 80 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ሆኖም በአንጎሏ ውስጥ ያለው ዕጢ ታየ። ሃውንስፊልድና ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

የሲቲ ምስል በመሠረቱ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፤ ስብ ከውኃ ዝቅ ይላል፣ ጡንቻና ጉበት ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ አጥንት ብዙ መቶ ይደርሳል። ቁጥሮቹም በሃውንስፊልድ ስም ይጠራሉ። ማሽኑ ከራስ አልፎ ሙሉ ገላን ማንሣት ሲጀምር በጥላ ያደገው የራዲዮሎጂስት ትውልድ ከባድ ፈተና ገጠመው፤ ያላጠናውን ገጽ በየቀኑ ማንበብ ነበረበት። የፒሮጎቭና የብራውነ ዓይነት አትላስ አስፈላጊነቱ ያኔ ጎልቶ ታየ፤ ቁርጡን ከሲቲ ምስሉ ጋር አጎራብተው የሚያስተምሩ አዳዲስ መጻሕፍትም ተከታትለው ወጡ።

እዚህ ላይ ትምህርቱን ራሱን ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ጀማሪው መጀመሪያ የሚማረው አቋቋምን ነው፤ ተመልካቹ በተንጋለለው በሽተኛ እግር በኩል ቆሞ ወደ ራስ እንደሚያይ ስለሚቆጠር የበሽተኛው ቀኝ በስክሪኑ ግራ ይውላል፣ ጉበትም ግራ ላይ ይታያል። ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ፈተና ከልብ የሚነሣው ትልቁ ደም ቅዳ ነው። ይህ ደም ቅዳ እንደ ሽማግሌ ከዘራ ወደ ላይ ወጥቶ ይታጠፍና አከርካሪውን ተደግፎ ይወርዳል። ከዘራን በአግድም ብንቆርጥ በመታጠፊያው ላይ አንድ ረዘም ያለ ገጽ፣ ዝቅ ስንል ሁለት ክብ፣ ይበልጥ ስንወርድ አንድ ክብ ብቻ እናገኛለን። ደረትም ይህንኑ ያሳያል፤ ያልተማረ ዓይን ሁለቱን ክቦች ሁለት የተለያዩ የደም ሥሮች ያደርጋቸዋል። እምብርት አካባቢ፣ በ4ኛው የወገብ አከርካሪ ደረጃ፣ ያው ክብ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱ እግሮች ይሄዳል። ይህን አንድ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ሳይጥል የተከተለ ተማሪ ቁርጦቹን በአእምሮው መደርደር ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ቆሽትን ከትንሹ አንጀት፣ እጢን ከደም ሥር መለየት ይከተላል፤ መለያውም ብዙውን ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መከተል ነው፤ ሥሩ ይቀጥላል፣ እጢው ያበቃል።

ሲቲ ብቻውን አልቀረም። ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቹ ጋር በ1958 ከግላስጎው ባሳተመው ጥናት አልትራሳውንድ ወደ ሆድና ወደ ማህፀን ገባ፤ ቁርጡን የሚመርጠው የባለሙያው እጅ ስለሆነ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ፖል ላውተርበር በ1973 የኤምአርአይን መሠረት ጣለ፤ ከፒተር ማንስፊልድ ጋርም በ2003 ኖቤል ተቀበለ። ኤምአርአይ በማንኛውም አቅጣጫ መቁረጥ ስለሚችል አግድሙን ብቻ የለመደ ተማሪ እንደገና እንዲያስብ አስገደደው።

በረዶውና ቁጥሩ በአንድ ገላ ላይ የተገናኙት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ አንድ የወንድ አስከሬን በሲቲና በኤምአርአይ ተነሥቶ፣ በረዶ ሆኖ፣ በየ1 ሚሊሜትሩ እየተላገ ፎቶግራፍ ተነሣ። በ1994 ይፋ የሆኑት 1,871 ገጾች ናቸው። በ1995 የተከተለችው ሴት በየአንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር ከ5,000 በላይ ገጽ ሰጠች። ወንዱ በቴክሳስ በሞት የተቀጣ፣ ገላውን ለሳይንስ የተናዘዘ እስረኛ ነበር። እስረኛ የሚሰጠው ፈቃድ ምን ያህል ነጻ ነው የሚለው ክርክር ያን ጊዜም ተነሥቷል፤ በገጾቹ የሚማር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ኮሪያና ቻይናም የየሕዝባቸውን አካል የሚያሳይ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል።

ጥበቡ ከሆስፒታልም ወጣ። በ1974 በአፋር ሀዳር የተገኘችው ቅሪተ አካል ድንቅነሽ በ2008 በኦስቲን ቴክሳስ በከፍተኛ ጥራት ሲቲ ተነሥታ ከ35,000 በላይ ቁርጦች ተወሰዱላት። በ2016 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በቁርጦቹ ላይ ያየውን ስብራት ከዛፍ የመውደቅ ምልክት ነው ሲል፣ አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌሎች ስብራቱ ከሞት በኋላ በመሬት ጫና የመጣ ሊሆን እንደሚችል ተከራከሩ። አከራካሪው የቁርጡ አነባበብ ነበር።

ከ1989 ወዲህ ማሽኑ ጠረጴዛው ሳይቆም እየዞረ ማንሣት ከጀመረ፣ ቀጥሎም ብዙ ቁርጥ በአንድ ዙር መውሰድ ከቻለ በኋላ፣ አንድ የደረትና የሆድ ምርመራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ያወጣል። ሬዚደንቱ ፊልም በብርሃን ሰሌዳ ላይ ከመደርደር ይልቅ ገጾቹን በማውዝ ያንከባልላል። በ2023 ደግሞ የባዝል ተመራማሪዎች 104 የአካል ክፍሎችን በሲቲ ላይ በራሱ ለይቶ የሚቀባ ፕሮግራም አሳተሙ፤ የቬሳሊየስ መጽሐፍ የታተመባት ያችው ባዝል። ፕሮግራሙ የሰውን ልፋት በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም ሁለቱ ኩላሊቶቹ ከታች ተጋጥመው የተወለደ፣ ወይም ጉበቱ በግራ ጣፊያው በቀኝ የሆነ ሰው በስክሪኑ ሲመጣ ቀለሙ ትክክል መሆኑን የሚመሰክረው ቁርጡን ከላይ እስከ ታች የተከተለው አንባቢ ነው፤ በየማስተማሪያ ሆስፒታሉም ሬዚደንቱ አሁንም ከአስተማሪው ጎን ተቀምጦ የሚጀምረው ያንን አንድ ደም ቅዳ በመከተል ነው።